እንደሚመችሽ ያላት ቀን

«አንተ ሰውዬ፣ ለምንድን ነው የምትከተለኝ?»

ልጅቷ ድንገት ዞር ብላ ስትጮህበት ደንግጦ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ጥዱ ጥቅጥቅ ባለበት ቀጭን የተራራ መንገድ ላይ ሁለቱ ብቻ ናቸው። አብረዋት የመጡት ሰዎች ቀድመው ከታጠፉ ቆይተዋል። የውኃ ኮዳዋን እንደ ዱላ ጨብጣዋለች።

«እኔ... አልተከተልኩሽም።»

«ከበሩ ጀምሮ ከኋላዬ ነህ! ስቆም ትቆማለህ፣ ስሄድ ትሄዳለህ። ያላየሁህ መሰለህ?»

«ሥራዬ እኮ ነው።»

«ምኑ? ሴት መከተል?»

ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «የደኑ አስጎብኚ ነኝ። መሪያችን ከፊት ይሄዳል፤ እኔ ከሁሉም ኋላ። ጠፍቶ የሚቀር ሰው እንዳይኖር ነው። ጓደኞቼማ ጭራው ነው የሚሉኝ።»

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ሳቀች፤ ዛፍ ተደግፋ እስኪያማት ሳቀች። «ውይ፣ ይቅርታ ጭራው! በኮዳ ልፈነክትህ እኮ ነበር!»

እሱም ሳቀ። ቀኑን ሙሉ ግን ሳቋ ከጆሮው አልወጣ አለ። የዛፍ ሥር እንኳ እያየ የሚያልፍ ሰው፣ ያን ቀን ሁለቴ ተደናቅፏል።

ከተማው ውስጥ ፋርማሲ የምትሠራ ልጅ ናት። ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ መምጣት ያዘች፤ ሁልጊዜም ከሁሉም ኋላ። አንዴ የጫማዋ ክር ይፈታል፣ አንዴ አበባ ታያለች፣ አንዴ ትንፋሽ ያጥራታል። እሱ ስለ ዛፉና ስለ ወፉ ያወራላታል። እሷ የሐኪሞችን ጽሑፍ ለማንበብ የምታየውን አበሳ ትነግረዋለች።

ታላቅ እህቱ በደኑ መግቢያ ትኬት ትሸጣለች። አብረውም ነው የሚኖሩት። አንድ ማታ እራት ላይ ጀመረችው።

«ይቺ ልጅ ተራራ ወዳ አይደለም የምትመጣው።»

«እትዬ ደግሞ! እግሯ ደካማ ቢሆንም በየሳምንቱ ትመጣ የለ?»

«ደካማውስ ያንተ ጭንቅላት ነው።»

ሥራውን ሲጀምር ያስተማሩት አንድ ሕግ ነበር። የደከመ ሰው አይገፋም፣ አይጎተትም፣ አይጣደፍም። ሲያጣድፉት ነው እግሩ የሚከዳው። ስለዚህ ከኋላ የሚሄድ ሰው ሁልጊዜ የሚለው «እንደሚመችሽ» ነው። ልረፍ ስትለው፣ እንደሚመችሽ። እንሂድ ስትለው፣ እንደሚመችሽ። አፉ ለምዶት ነበር።

አንድ እሁድ ሸንተረሩ ላይ አረፍ ብለው ሳለ ድንገት አንድ ነገር አነሣችለት።

«ሥራ አግኝቻለሁ። ትልቅ ሆስፒታል ነው... ግን ሌላ ከተማ። በጣም ሩቅ።»

«ጥሩ ነው?»

«ሥራው ጥሩ ነው።» ዓይን ዓይኑን አየችው። «አንተ ምን ትላለህ? ልሂድ... ወይስ ልቅር?»

አትሂጂ የሚለው ቃል ጉሮሮው ድረስ መጥቶ ነበር። እግዜር ያያል፣ መጥቶ ነበር! ግን ሕይወቷ ነው፣ እኔ ማን ሆኜ ነው የማስቀራት አለ በልቡ። እሱ ያከበራት መስሎታል።

«እንደሚመችሽ» አላት።

ከዚያ ቦርሳዋን አንሥታ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። «እሺ» አለች። እሱ ደግሞ፣ ወይ የዋህነት፣ ደክሟት ነው ብሎ አሰበ።

በሚቀጥለው እሁድም መጣች። ግን ከኋላ አልቀረችም። ገና ከበሩ ሲነሡ ሰዉን ሁሉ እያለፈች ከመሪው እኩል ሆነች። ያንን ዳገት ሜዳ አስመሰለችው! ጭራው አፉን ከፍቶ ቀረ። ደካማ እግር የሚባል ነገር አልነበራትም ለካ። ያ ሁሉ የጫማ ክር፣ ያ ሁሉ አበባ ከእሱ ጋር ለመሄድ ነበር።

ሊሮጥና ሊደርስባት ፈለገ። አጠገቡ ግን ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንድ አዛውንት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ያቃስታሉ። ጥሏቸው ሊሄድ አይችልም።

«አስቸገርኩህ አይደል ልጄ?»

«ኧረ በፍጹም አባባ። እንደሚመችዎ» አላቸው፤ ዓይኑ ግን ከዳገቱ አልተነሣም። አዛውንቱን ይዞ የተራራው አናት ላይ ሲደርስ እሷ በሌላው መንገድ ወርዳ ሄዳለች።

ፋርማሲው ድረስ ለመሄድ ድፍረት እስኪያገኝ ሰነበተ። ዛሬ ነገ ሲል ቆይቶ ሲሄድ፣ በቦታዋ ለምትተካ አዲስ ሠራተኛ መደርደሪያውን እያሳየች አገኛት። ሠራተኛዋን ወደ ጓዳ ልካ ባንኮኒውን ተደግፋ ቆመች።

«ምን ልስጥህ?» አለችው፣ እንደማታውቀው ደንበኛ።

«ያን ቀን የመለስኩልሽ... ልክ አልነበረም።»

«አንድ ቃል ነበር የፈለግኩት። ብትቆጣኝ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር! አንተ ግን ከማንም ተጓዥ አልለየኸኝም።»

«እወድሻለሁ።»

ዓይኗ እንባ ሞላ። የነጭ ጋወኗን እጅጌ ሳብ አድርጋ ጠረገችው። «ዘገየህ። ነገ ጠዋት በአውቶቡስ እሄዳለሁ። ቤቴንም ለቅቄያለሁ።»

«እሺ... ልሸኝሽ?»

ራሷን ነቀነቀች። «አትሸኘኝ። ካየሁህ አልሄድም።»

በማግስቱ ጠዋት ለብሶ፣ ጫማውን አስሮ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። እህቱ ብቅ አለች።

«ምን ተጎልተህ ነው? ልጅቷ ዛሬ አይደል የምትሄደው?»

«አትምጣ ብላኛለች።»

«ምን ብላ?»

«ካየሁህ አልሄድም ብላ።»

እህቱ በሁለት እጇ ጭንቅላቷን ያዘች። «አንተ የማትረባ! ና ብላሃለች እኮ! ከዚህ በላይ እንዴት አድርጋ ትንገርህ? ተነሥ! ሩጥ እንጂ!»

ሮጠ። ሰው እየገፈተረ፣ እየተሰደበ፣ ታክሲ እንኳ መጥራት ረስቶ ሮጠ። መናኸሪያው ሲደርስ የአውቶቡሱ ቦታ ባዶ ነው። መሬቱ ላይ የዘይት ጠብታ ብቻ ቀርቷል። ስልኩን አውጥቶ ደወለላት።

«መናኸሪያው ነኝ!» አላት እያለከለከ።

ከወዲያ የሞተር ድምፅ ብቻ ይሰማል።

«አሁን ደረስክ?»

«አሁን! ውረጂ! የትም ሁኚ ውረጂ፤ እኔ እመጣለሁ። በናትሽ፣ አትሂጂብኝ!»

ስታለቅስ ሰማት።

«ሹፌሩን ስለምነው ነበር» አለች በመጨረሻ። «ሰው ይመጣልኛል፣ ትንሽ ጠብቅልኝ እያልኩ። ተሳፋሪው ሁሉ እየሰደበኝ በሩ ላይ ቆምኩ። የታለ ሰውሽ ሲሉኝ... ምን ልበላቸው?»

«ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ። ከልቤ። ግን አልወርድም... አንተን መጠበቅ ደከመኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። እሱ ግን ከጆሮው ላይ አላነሣውም። ሌላ አውቶቡስ ጡሩምባውን እየነፋ ወደ ባዶው ቦታ ሲገባ፣ ተራ አስከባሪው መጥቶ ክንዱን ያዘው።

«ወንድሜ፣ ዞር በል እንጂ፤ መኪና ይግባበት።»

ዞር አለለት።