የአዳነ ግራ እጅ

እኔ በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም ነበር፣ ዛርና ቡዳ ሲወራ ተነሥቼ ሳህን የማጥብ ሴት ነኝ፣ ስለዚህ ብትጠራጠሩኝ አልቀየማችሁም።

ባለቤቴን አዳነን በመጣንበት አገር፣ ኤመቅ ሳራ በሚባል የፋብሪካ ሰፈር፣ ማሽን ጨፍልቆ ገደለው። ሥራ እንዲፈጥን ብለው የማሽኑን መከለያ አንሥተውት እንደነበር አብሮት የሚሠራው ሁሉ ያውቃል። ለቅሶ ላይ ሳለን፣ በሩም ለመጣው ሁሉ ክፍት ነበርና፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት አንድ መርማሪ ገባ፣ የጎንደር ሰው ነው፣ እኔና ልጄ ኦርሊ ከተቀመጥንበት ፍራሽ ፊት ለፊት ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እማማ፣ እኔም የእናንተው ልጅ ነኝ፣ አልዋሽዎትም» አለ።

ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ መስኮቱ መሰለኝ። ሰውየው ግን ቀኝ ጉንጩን ያዘ።

«የሰፈራችሁ፣ የሽኩና ቫቭ ዝንብ ኃይለኛ ነው» ብሎ ሳቀ። «ባለቤትዎ ጠጥተው ነበር ተብሏል። እሱን ይፈርሙልንና ነገሩ ይለቅ።»

«አዳነ መጠጥ አይቀምስም።»

«የሰካራም ሚስት ሁሉ እንዲሁ ነው የምትለው። ያየ ምስክር አለ፣ እኔው ራሴ አነጋግሬዋለሁ።»

እመኑኝ፣ ማንም አልነካውም፣ ግን ጭንቅላቱ ከግድግዳው ጋር ተላተመ፣ አፍንጫው ተሰበረ፣ አንድ ጥርሱ ፍራሹ ላይ ወደቀ። ኦርሊ በዕብራይስጥ «ኢማ፣ ማ ካራ?»፣ እማዬ ምን ሆነ፣ እያለች ክንዴን ጨመቀችው፣ እኔ ምን እንደሆነ በምን አውቄ ልንገራት። ሰውየው ለመነሣት እየሞከረ «ምስክር አለ» ሲል እንደገና ተመታ፣ ተንበርክኮ ደም ተፋ።

«መከለያው ተነሥቶ ነበር» አለ በመጨረሻ። «እናውቃለን። በሟቹ አሳብቡት ተብለን ነው።»

ያን ጊዜ ዱላው ቆመ። ደስ አለኝ፣ አልደብቃችሁም። ኋላ ግን ጉንጩ ላይ የቀለበት ምልክት አየሁ። አዳነ ግራኝ ነበር፣ ቀለበቱንም በግራው ነበር የሚያደርገው፣ እሱን ደግሞ ከሆስፒታል ተቀብዬ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬዋለሁ።

ሰውየው ምልክቱን ሳይ አየኝ፣ ጉንጩ ላይ የቀለበቱን ቅርጽ ዳሰሰ። «ባልዎ ነው? እንዲህ ተማቺ ነበር?»

ኦርሊ ዞራ ተመለከተችኝ።

«እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም» አልኩ።

ከንፈሬ ተሰነጠቀ።

መርማሪው ያመነውን ለአለቆቹም ደገመው፣ የአዳነ ስምም ጸዳ። ኦርሊ ስለ ከንፈሬ ጠይቃኝ አታውቅም። አሁን ነፍሰ ጡር ናት፣ ወንድ ከሆነ በአባቷ ስም ልትጠራው ትፈልጋለች፣ ትናንት «አባ ጥሩ ሰው ነበር፣ አይደል?» አለችኝ። አፌን ከፈትኩ፣ በቀኝ ጉንጬ በኩል አየሩ ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ፣ መልሼ ዘጋሁት።