የገዛ ልጇን የጠረጠረች እናት

ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ገብቶ ሃሊሞን የማያውቅ ሰው፣ ወይ እንግዳ ነው ወይ ማሽላ ገዝቶ አያውቅም። ሠላሳ ዓመት እህል ሸጣለች። ፊደል አልቆጠረችም፤ አልቆጠርኩም ብላም አላፈረችም። «የተማረውም እህሉን የሚገዛው ከኔ ነው» ትላለች። ነቀዝ የነካውን ማሽላ ሳታየው፣ በመዳፏ ዘግና ብቻ ትለየዋለች። ሰውንም እንደዚያው የምትለይ ይመስላት ነበር... ያ መምሰል ነው ጉድ የሠራት!

ይህች ሴት ያላየችው መከራ የትኛው ነው? ባሏን ዒብራሂምን የዘጠና ስምንቱ ጎርፍ ከተኛበት ጠርጎ ወሰደባት። ሁለት ሴት ልጆች ታቅፋ ቀረች። ትልቋን ዴቃን ደግሞ በአሥራ ሰባት ዓመቷ አንዲት ደላላ «ዓረብ አገር አስገባሻለሁ» ብላ በታህሪብ ላከቻት፤ ያለ ወረቀት፣ በበረሃና በባሕር፣ ነፍስን አስይዞ በሚኬድበት መንገድ። ዴቃ ባሕሩን አልተሻገረችም። ደላላዋን ያያት ሰው ነፍሰ ገዳይ ናት አይልም። ጫማዋ ንጹሕ፣ ድምጿ ዝግ ያለ፣ ቀጭን ደብተር ከእጇ የማይለይ፣ የልጅቱን እጅ ይዛ «አይዞሽ» የምትል ሴት ነበረች። ሃሊሞ ይህን እስክትሞት አትረሳውም። እንዴትስ ትርሳው?

ትንሿ ልጇ ዊዳድ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ሲደርሳት፣ ሃሊሞ የገበያውን ሰው ሁሉ ተምር አቀመሰች። «አባቷን የበላውን ጎርፍ የሚገታ ግንብ ልጄ ትሠራለች» ብላ አወጀች። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዊዳድ ሲሚንቶ የነካው ጫማ ተጫምታ፣ የተጠቀለለ ትልልቅ ወረቀት በብብቷ ይዛ ትገባ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ወረቀቱ ጠፋ። ጫማው ነጣ። ስልክ ሲደወልላት ወደ ግቢ ትወጣለች፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ታወራለች። እናት ስለ ግንቡ ስትጠይቃት «ደህና ነው» ብቻ ነው መልሷ።

«ግንብ ይታመማል እንዴ፣ ደህና የሚሆነው?» አለቻት ሃሊሞ አንድ ቀን። ዊዳድ ሳቀች። ስቃም ሳትጨርስ ስልኳን ይዛ ወደ ግቢ ወጣች፤ እናትም ይህን ልብ አለች።

ጥርጣሬ እንደ ነቀዝ ነው፤ አንዴ ከገባ ጆንያውን ሳይጨርስ አይወጣም። ሃሊሞ ልጇ ስትታጠብ ቦርሳዋን በረበረች። ቀጭን ደብተር አገኘች። ፊደሉን ባታውቀውም ቁጥር ነጋዴን አይጠፋውም፤ የስልክ ቁጥር ነው፣ ከላይ እስከ ታች። በዚያው ሳምንት ሐሙስ ዕለት ዕቃ ልታደርስ በባጃጅ ስታልፍ፣ ከአንድ ትምህርት ቤት አጥር ስር ዊዳድን አየቻት። አጠገቧ ሰምሰም ተቀምጣለች፤ ገበያ ላይ ከሃሊሞ ጎን ሽንኩርት የምትሸጠው የናሲሞ ልጅ፣ ገና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ። ሰምሰም ታለቅሳለች። ዊዳድ እጇን ይዛታለች። ደብተሩ ጭኗ ላይ ነው።

ሃሊሞ ከባጃጁ አልወረደችም። ጫማው፣ ድምፁ፣ ደብተሩ... ያ ሁሉ ዛሬ የገዛ ልጇ ላይ!

ማታ ቁጭ አድርጋ ጠየቀቻት። ከናሲሞ ልጅ ጋር ምን አላችሁ?

«ሆዮ፣ እሱን አልነግርሽም» አለች ዊዳድ። እናቷን የምትጠራት በሶማሊኛው ነው። «የሰው ምስጢር ነው።»

«ከእናቷ የሚደበቅ ምን ምስጢር አላት?»

«ከነገርኩሽ ሁለተኛ አታምነኝም።»

ያቺም ደላላ ለዴቃ «ለእናትሽ እንዳትነግሪ» ነበር ያለቻት። ሃሊሞ ሌላ ማስረጃ አልፈለገችም። በማግስቱ ናሲሞን ጠርታ፣ ልጅሽን ከልጄ አርቂያት፣ ትምህርት ቤቱ አጥር ስር አብረው አየኋቸው፣ የልጄ አካሄድ አላማረኝም አለቻት። ናሲሞ ሽንኩርቷን እንኳ ሳትሸፍን ወደ ትምህርት ቤቱ በረረች። መምህር ሰይፈ ሚካኤል የሚባሉት ኃላፊ፣ ዊዳድ የተማሪዎች የምክር አገልግሎት ተማሪ ናት፣ ለልምምድ ነው እኛ ጋ የመጣችው ብለው ሊያስረዷት ሞከሩ። «የወለደቻት እናት ኢንጂነር ናት ትላለች፤ እናንተ አማካሪ ናት ትላላችሁ። አንዳችሁን ዋሽታለች» አለች ናሲሞ። ኃላፊውም ነገሩ እስኪጣራ ዊዳድን ከልምምዱ አገዷት። ናሲሞም ልጇን ከትምህርት አስቀርታ ቤት ዘጋችባት።

ዊዳድ ያን ቀን ለእናቷ የራሷን ሁሉ ተናዘዘች። ኢንጂነሪንጉን ከተወች ሁለት ዓመቷ ነው። «ዴቃ ልትሄድ ስትል ምን ሆንሽ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም፣ ሆዮ። እኔ የምጠይቅ ሰው መሆን ፈለግሁ። ደብተሩም ሲከፋቸው የምደውልላቸው ልጆች ቁጥር ነው። የአባዬን ግንብ ትቼ ይህን ተማርኩ ብዬ ፊትሽን ማየት አቃተኝ።»

አንዴ የዋሸ አፍ እውነት ቢናገር ማን ያምነዋል? ሃሊሞ አላመነችም። «ከቤቴ ውጪ!» አለቻት። ልጅቱ አልተከራከረችም፤ ልብሷን በፌስታል አድርጋ በሩ ላይ ስትደርስ ዞረች።

«የማይነገር ነው፤ ግን አንድ ነገር ብቻ... ናሲሞ ልጇን ለብቻዋ እንዳትተዋት ንገሪልኝ። እኔን በሯ ላይ አታስቆመኝም። ወላሂ፣ ንገሪልኝ።»

ሃሊሞ አልነገረችም። የደላላ ተንኮል ነው ብላ ቃሉን ዋጠችው።

በዘጠነኛው ቀን ናሲሞ ከገበያ ስትመለስ ቤቷ ባዶ ነበር። ቀፊራ በሙሉ ዊዳድን ረገመ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከጅቡቲ ወዲያ፣ ከባሕሩ ዳር፣ በሕይወት ከተረፈች አንዲት ልጅ ስልክ ተደወለ። ጀልባዋ ተገልብጣለች። ሰምሰም የለችም...

ለቅሶው ቤት ሴቶች ሞልተው ሳለ ዊዳድ ገብታ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ጎኗ የነበሩት ሴቶች ተነሥተው ራቁ። ሃሊሞም ከናሲሞ አጠገብ ሆና አየቻት፤ አልተነሣችም። ያኔ የናሲሞ እህት ዛምዛም፣ የተረፈችው ልጅ የላከችውን የድምፅ መልእክት ከፈተች። ሰምሰም ከመሳፈሯ በፊት የቀዳችው ነው።

«ሆዮ፣ ዊዳድን እንዳትወቅሻት። ልሂድ ባልኳት ቁጥር እስከ ሐሙስ ብቻ ጠብቂኝ ትለኝ ነበር። ሐሙስ ሲደርስ ደግሞ እስከሚቀጥለው። አሥራ አንድ ሐሙስ ጠበቅኋት። ለአንቺ እንድነግርሽም ልታግባባኝ ተቃርባ ነበር። እሷ ስትቀር የምጠብቀው ሰው አጣሁ።»

ናሲሞ ፊቷን ወደ ዊዳድ አዞረች። «ታውቂ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ታዲያ አንድ ቃል... አንዲት ቃል እንኳ ለኔ?»

ዊዳድ እናቷን አላየቻትም። አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። አንድ ቃል ብትናገር ነጻ ትወጣ ነበር፤ እናቷን ግን አሳልፋ አልሰጠችም። የዚህች ልጅ ዝምታ ምን ዓይነት እንደሆነ ሃሊሞ የገባት ያኔ ነው። ያኔ! ከቀብር በኋላ... ያውም መቃብር በሌለው ቀብር።

ለማንም አንገቷን ደፍታ የማታውቀው ሴት ተነሣች።

«ዊዳድ በኔ በኩል ቃል ልካልሽ ነበር። ልጅሽን ለብቻዋ አትተያት በይልኝ ብላኝ ነበር። እኔ ነኝ ያስቀረሁት። ልጄን የከሰስኩትም እኔ፣ ቃሏን የዋጥኩትም እኔ። የምትረግሙ እኔን ርገሙ።»

ናሲሞ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ከሃሊሞ ጎን ተነሥታ ሄዳ ዊዳድ እግር ሥር ተቀመጠች፤ «ምን ትልሽ ነበር?» አለቻት። «ልጄ ምን ትልሽ ነበር?» ሁለቱ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ሃሊሞ መሃል ቤት ብቻዋን ቆማ ቀረች። ወጥታ ስትሄድም መንገድ ላይ ደርሳ ክንዷን የያዘቻት ዊዳድ ናት። ቤታቸው ገብተው በሩ ሲዘጋ ብቻ፣ እናት ልጇ ትከሻ ላይ ወድቃ ለባሏም፣ ለዴቃም፣ ለሰምሰምም አለቀሰች።

ዊዳድ ወደ ትምህርቷ ተመልሳለች። የሰምሰምን ሞት ሰው ዕጣዋ ነው፣ አላህ ጽፎት ነው ይላል። ይሁን፣ ጽፎታል። ግን የተዋጠው ቃል በማን ጉሮሮ ነው የወረደው? ዕጣ በራሱ እግር አይሄድም፤ ሰው ነው አዝሎ የሚያደርሰው። ሃሊሞ ይህን ስለምታውቅ የገበያ ቦታዋን አልቀየረችም። ዛሬም ጠዋት ጠዋት ጆንያዋን ፈትታ፣ ጀርባዋን ሰጥታት ወደተቀመጠችው ሴት ዞራ «ናሲሞ፣ እንዴት አደርሽ?» ትላለች። መልስ የለም። በማግስቱም ትላለች።