በግድግዳው ላይ የቀረው ቅርጽ

ሰው የሸሸገውን አስቀድሞ የሚያውቅ፣ ያወቀውንም በወደደው ጊዜ የሚገልጥ እግዚአብሔር ብቻ ነው። ይህም ነገር በእርሱ ፈቃድ ወደ ብርሃን ወጣ።

ጡረታ የወጡት መምህርት በወጥ ቤታቸው ወለል ላይ ሞተው ተገኙ። የክብሪት እንጨት በጣቶቻቸው መካከል ነበረ። የካቢኔቱ በሮች ተገንጥለዋል። የጋዝ ምድጃው የተገጠመበት ግራናይት ለሁለት ተከፍሏል።

ምድጃውን ያገናኘው ጋዝ ገጣሚ በዚያው ዕለት ታሰረ።

መርማሪው ግን መቀመጥ አቃተው። በፖሊስ ጣቢያው ኮሪደር ሲመላለስ የገጣሚው ሚስት፣ ብርድ ልብስ በብብቷ ይዛ፣ መንገድ ዘጋችበት።

«ባለቤቴ ነፍስ አጥፍቷል ተብሎ ሊፈረድበት ነው?»

«ገና እየመረመርን ነው፣ እህቴ።»

«መርምሩ እንጂ! እሱ እኮ በር መቆለፉን ሦስቴ ሳያይ የማይተኛ ሰው ነው። እኔን እንኳ እንቅልፍ ነሥቶኛል!»

ገጣሚው ዐይኑ ቀልቶ ቀረበ።

«የጋዙን ጎማ አላጠበቅህም» አለው መርማሪው።

«አጥብቄያለሁ። በሳሙና ውሃ ፈትሼ አረፋ አለማውጣቱን ለመምህርቷ አሳይቻቸዋለሁ።»

«ጋዙ ታዲያ ከየት መጣ?»

«እንጃ። ግን ቢያፈስስ እንኳ መውጫ አበጅቼለት ነበር። ይህ ጋዝ እንደ ጢስ ሽቅብ አይወጣም፣ ጌታዬ፤ እንደ ውሃ ቁልቁል ይተኛል። ስለዚህ ከካቢኔቱ ግርጌ ግድግዳውን በስቻለሁ።»

እውነት ነው፤ ፖሊስ ሲደርስ ቀዳዳው ክፍት ነበረ። ታዲያ ጋዙ እንዴት ተጠራቀመ?

ከመምህርቷ ጋር የሚኖረው የእህታቸው ልጅ ተጠራ።

«ከአክስትህ ጋር ተጣልተሃል አሉ።»

«ሲጋራህን ውጭ አጭስ ብለውኝ አኩርፌ ነበር። በዚህ ሰው ይገደላል?»

ፍንዳታው ሲደርስ ሥራ ላይ እንደነበረ ባልደረቦቹ መሰከሩለት።

«ከፖሊስ ቀድሞ ወጥ ቤቱ የገባ ማን ነው?»

«ግራናይቱን የገጠመው ድንጋይ ቆራጭ፣ እጀ ወርቅ የሚሉት። ሱቁ ከማዶ ነው። እግዜር ይስጠው፣ ፍርስራሹን ያነሳልን እሱ ነው።»

እጀ ወርቅ የገጣሚው ሚስት ታላቅ ወንድም ነበረ።

መርማሪው ወደ ወጥ ቤቱ ተመልሶ ተንበረከከ። ባትሪውን ወደ ካቢኔቱ ውስጥ አበራ። ግድግዳው በጥላሸት ጠቁሯል። በቀዳዳው ዙሪያ ግን ጥላሸት ያልነካው ቅርጽ ቀርቷል፤ አንድ ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ሌላው እንደ ቀስት የጎበጠ። የቀዳዳው ውስጥም ንጹሕ ነው። እሳቱ ሲያልፍ አንድ ነገር ደፍኖታል ማለት ነው።

ቀና ብሎ ምድጃውን አየ። በትእዛዝ የተሠራ ምድጃ ነው፤ አንድ ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ሌላው የጎበጠ። በግድግዳው ላይ ያለው ቅርጽ ምድጃውን ለማስገባት ከግራናይቱ ተቆርጦ የወጣው ድንጋይ ቅርጽ ነበረ።

መንገዱን ተሻግሮ እጀ ወርቅ ሱቅ ገባ።

«ለምድጃው የቆረጥከው ድንጋይ የት ገባ?»

«የሙያችን ወግ ነው፣ ጌታዬ፤ ቁራጩ የቆራጩ ነው። በገጠምኩ ቀን ወሰድኩት።»

«ከዚያ ወዲህ ተመልሰህ ነበር?»

«ምን ላደርግ? የኔ እጅ ሥራ ጥገና አያውቅም!»

ድንጋዩ ከሌሎች ጀርባ ቆሟል፤ በደንብ ታጥቧል። መርማሪው ገለበጠው። በጠርዙ ላይ የቀለጠ ጥቁር ጎማ ተጣብቋል።

«የጋዝ ጎማው እዚህ ሱቅ መጥቶ ቀለጠ?»

እጀ ወርቅ በድንጋይ ብናኙ ላይ ቁጭ አለ።

«የግራናይቱን ጠርዝ ለእሳቱ አስጠጋሁት። በሙቀት ሲሰፋ የሚላወስበት ክፍተትም አልተውኩለትም፤ ተሰነጠቀ። መምህርቷ ጠሩኝ። ከተማው ቢሰማ ስሜ ምን ይሆናል አልኩና ቁራጩን ከሥር አቁሜ ደገፍኩት። ጎማውን ተጭኖ ጋዝ እንዲያፈስስ ማድረጉን፣ ቀዳዳውንም መድፈኑን ልብ አላልኩም።»

«ከፍንዳታው በኋላ ግን ገባህ።»

«ገባኝ። አነሳሁት።»

«ምነው አልጣልከው?»

«እንዲህ ያለ ድንጋይ ይጣላል?»

«የእህትህ ባል ታስሮልህ ዝም አልክ።»

«ቸልተኝነት ነው ብለው ቶሎ ይለቁታል ብዬ…»

ገጣሚው ተፈታ። ሚስቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ከዚያም ወደ መርማሪው ዞረች።

«ወንድሜ እዚሁ ነው የሚያድረው?»

«እዚሁ ነው። ልታዪው ትፈልጊያለሽ?»

«ዛሬ አልችልም።»

ለባሏ ያመጣችውን ብርድ ልብስ ለመርማሪው ሰጠችው።

«ከማን እንደ ሆነ አትንገሩት» አለች።

እናንተ ይህን ያነበባችሁ፣ እግዚአብሔር የቤታችሁን እሳት ማብሰያ ብቻ ያድርግላችሁ፤ ከምድጃችሁ ሥር መተንፈሻ፣ ከልባችሁም እውነትን መናገሪያ ድፍረት አይጥፋ፤ አሜን።