በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል

የሞተረኛው የነፋሱ መርዶ መጋዘኑ ግቢ የደረሰው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ የሞተር አጣቢዋ የመጀመሪያውን ባልዲ ሳትሞላ ነው። ይዞት የመጣው የመጋዘኑ አለቃ ነበር። ከመኪናው እንኳ ሳይወርድ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣

«ልጅሽ ሰው ገደለ!» አላት።

ባልዲው ከእጇ ወደቀ። እሷ ድሮም ክፉ ወሬ በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት። ስልክ ሲጮህ ሞት፣ በር ሲንኳኳ ፖሊስ፣ ልጇ አሥር ደቂቃ ሲዘገይ ቃሬዛ የሚታያት። ጎረቤቶቿ «ገና ሳይደርስ አታልቅሺ» እያሉ ይስቁባት ነበር። እነሆ ደረሰ።

ነፋሱ የሚሉት የመጋዘኑን ፈጣን ሞተረኛ ነው። መጋዘኑ ለገጠር ጤና ጣቢያዎች መድኃኒት ያከፋፍላል። ሞተር ሳይክሎቹ ለአስፋልት የተሠሩ ናቸው፤ መንገዱ ግን ግማሹ ኮረት ነው፣ ግማሹ ሲደርቅ ዱቄት፣ ሲረጥብ ሊጥ የሚሆን አፈር። መካኒኩ ልጇ የነፋሱን ሞተር ለዚያ መንገድ አስማምቶት ነበር። ለስላሳውን ጎማ አውልቆ ጥርሳም ጎማ አስገባ፤ መሪውን ከፍ አደረገ፤ ከሆዱ ሥር ድንጋይ የሚመክት ብረት አሰረ። «ጎማ ሲመረጥ የሚጠየቀው መንገዱ ነው፣ ዓይን አይደለም» ይላል።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ግን ነፋሱ መጥቶ ጮኸበት። «ይሄ ጎማህ አስፋልት ላይ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠኛል! ለስላሳውን መልስልኝ!»

«በለስላሳው ጭቃ ግባና ሙት!» አለው ልጇ፣ ግቢው ሁሉ እየሰማ።

አለቃው በዚህ ምክንያት አሥር ሰዓት ላይ አባረረው። የመሣሪያ ሳጥኑንም ዕቃ ክፍል አስገብቶ ቆለፈበት። ሌሊት ዘነበ። ነፋሱ ገና ሳይነጋጋ ግቢው ያደረውን ሞተሩን ይዞ ወጣ፤ ጭቃማው ቁልቁለት ላይ ከነሞተሩ ተገልብጦ ገደል ገባ። ልጇም ጠዋት ሳጥኑን ሊለምን እንደመጣ በሩ ላይ በካቴና ታሰረ።

ሦስት ሰዓት ላይ አለቃው ፖሊሱ ፊት ዕቃ ክፍሉን ከፈተ።

«ትናንት አሥር ሰዓት እንደቆለፍኩት ነው። ቁልፉ አንድ ብቻ ነው፤ ከኪሴም አልወጣም። መርማሪው እስኪመጡ ማንም እንዳይነካ።»

ፖሊሱ በሩ ላይ ቆመ። መወልወያ የያዘች ሴት ግን ሰው ናት ብሎ የሚቆጥር የለም። ወለሉን እየወለወለች ገባች። ምን እንደምትፈልግ ራሷም ሳታውቅ የልጇን ሳጥን ክዳን አነሳች፤ እጇን እስከ ሥሩ ሰደደች።

ከፒንሳው ሥር አራት ቀለበቶች አገኘች። አወቀቻቸው። ልጇ ከአሉሚኒየም ቱቦ ቆርጦ፣ የእሷ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በሞረድ ሲያስተካክላቸው ነው የከረመው። የነፋሱን የፊት ፓራፋንጎ፣ ያንን ከጎማው በላይ ያለ ጭቃ መከላከያ፣ ከፍ አድርገው የያዙት እነሱ ነበሩ።

‘ፈታቸው’ አለች በሆዷ። ‘ተናዶ ፈታቸው። ልጄ ገደለው።’

ቀለበቶቹን ሽርጧ ኪስ ከታ ወጣች።

መርማሪው አራት ሰዓት ላይ ደረሱ። አጠር ያሉ አዛውንት ናቸው፤ ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ለብሷል፤ ቁልቁለቱን በእግራቸው ወርደው ነው የመጡት። የተሰባበረው ሞተር ማጠቢያው ቦታ ተጋድሟል። አጠገቡ ተንበርክከው በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል የተጠቀጠቀውን ጭቃ በእስክሪብቶ ይፈለፍሉ ጀመር። አጣቢዋ ሁለት እርምጃ ርቃ ጨርቅ ትጨምቃለች፤ የተጨመቀውን መልሳ ትጨምቃለች።

«ጎማው ተቆልፏል» አሉ መርማሪው። «ጭቃው ጠቅጥቆ ያዘው። ቁልቁለት ላይ የፊት ጎማ ከቆመ ነጂው በመሪው ላይ ዘሎ ይሄዳል።»

«እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው!» አለ አለቃው። «ለአስፋልት ሞተር የትራክተር ጎማ! ፓራፋንጎውን የሚነካ ጥርስ! መካኒክ ነኝ ባይ ደደብ!»

«ከፍ አድርጌዋለሁ!» አለ ልጇ ካቴናውን እያንኳኳ። «ጥርሳም ጎማ አስገብቶ ፓራፋንጎ የማያነሳ የለም። አራት ቀለበት አድርጌበታለሁ!»

«የታሉ ታዲያ? እንደ ጉም ተነኑ?» አለቃው ወደ ፖሊሱ ዞረ። «ሳጥኑን ፈትሹ። ደህና አድርጋችሁ ፈትሹ።»

ሳጥኑ ተዘረገፈ። መዶሻ፣ ቁልፎች፣ ፒንሳ፣ ሞረድ።

«የለም» አለ ፖሊሱ።

«እንዴት የለም? እንደገና ፈትሽ! ከሥር፣ ከፒንሳው ሥር!»

መርማሪው እስክሪብቷቸውን እየጠረጉ አለቃውን ረዘም አድርገው አዩት።  ከዚያ የፓራፋንጎውን ቡሎን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ከወዲያ በኩል የጣት አንጓ ያህል ተርፎ ወጥቷል፤ የተረፈውም ዝገት የሌለበት፣ የሚያብረቀርቅ ነው። ራሱ ደግሞ ተፋፍቋል።

«ፒንሳ የበላው ቡሎን» አሉ ለራሳቸው።

አጣቢዋ ኪሷን በመዳፏ ጨበጠች። አዩኝ፣ አበቃልኝ፣ አለች።

ከዚያ ሰውን አንድ በአንድ ይጠይቁ ጀመር፤ እዚያው ማጠቢያው አጠገብ። መጀመሪያ የመጣው ሌላው ሞተረኛ ነው። ከቅጥነቱ የተነሳ ሽቦ ይሉታል።

«ከሟች ጋር አትዋደዱም አሉ።»

«እሱን ማን ወደደው? ያለችውን አንዲት ጥንድ ጥርሳም ጎማ ለሱ ሰጡት። እኔ በመላጣ ጎማ እንደ ሳሙና እንሸራተታለሁ። ሞተ ብዬ ግን አልጨፍርም፤ የሱን መንገድ ነገ ለእኔ ነው የሚሰጡኝ።»

«ትናንት የት ነበርክ?»

«እዚሁ! ሞተሬ እስኪታጠብ ተገትሬ። እማማ ሳሙና» አለ በአገጩ ወደ አጣቢዋ እየጠቆመ፣ «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የነፋሱን እያሸች ትነፋረቃለች፤ የእኔን ለዛሬ አሳደረችው። ዛሬም ይኸው ቆሟል። እናትና ልጅ የተቀጠሩት ለሱ ነው።»

«አሥራ አንድ ሰዓት። እርግጠኛ ነህ?»

«አለቃው ሄዷል፣ ዘበኛው ተቀይሯል። ሰዓት ማየት የተማርኩ ይመስለኛል።»

እውነቱን ነው። ሌላ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ አጥባ ትጨርሳለች። ትናንት ግን ልጇ ሲባረር እኔንም ያባርሩኛል ብላ ፈርታ፣ የነፋሱን ሞተር እንደ ሙሽራ አሽታ ነበር።

ቀጥላ የነፋሱ ሚስት መጣች። ጥቁር ለብሳለች። መርማሪውን ሳታይ በቀጥታ ወደ አጣቢዋ ሄደችና ፊቷ ላይ ተፋችባት።

«የወለድሽው ይብላሽ! ደጅሽ እንደ ደጄ ይዘጋ!»

አጣቢዋ ምራቁን አልጠረገችም። ይገባኛል ያለች ትመስል ነበር።

«እህቴ» አሉ መርማሪው፣ «ገና ሳይነጋ ምን አስቸኮለው?»

«መድኃኒት ይዞ ነበር። ቀኑ ያለፈበት፣ ቀኑን ፍቀው ሌላ የጻፉበት። አንድ ካርቶን። ቢሮ ሲከፈት ለበላዮች አሳያለሁ ብሎ ቦርሳው ከተተው፤ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ለሰው ተናግሯል?»

«‘ቀኑን ለፋቀው ሰው ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ፣ ላቡ ወረደ’ ብሎ ሳቀልኝ። ማን እንደሆነ አልነገረኝም።»

«ከገደሉ የመጣው ቦርሳ ባዶ ነው» አሉ መርማሪው። ፖሊሱን ጠርተው በጆሮው አንድ ነገር ነገሩት። ፖሊሱ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉንም ጎማ ክፍል ሰበሰቧቸው። ያረጁ ጎማዎች እስከ ጣሪያ ተቆልለዋል። ልጇ ካቴናውን እንዳጠለቀ አንዱ ላይ ተቀምጧል። ሽቦ ግድግዳ ተደግፏል፤ የሟች ሚስት በሩ ሥር ቆማለች፤ አለቃው ሰዓቱን ያያል። የተሰባበረው ሞተር መሐል ወለሉ ላይ ቆሟል፤ ጭቃው ከጎማው ላይ ወጥቷል።

«ቶሎ ይበሉልን» አለ አለቃው። «ነገሩ ፀሐይ የሞቀው ነው።»

«ነው» አሉ መርማሪው። «ከቡሎኑ ልጀምር። ፓራፋንጎው ከመጀመሪያውም ዝቅ ብሎ የታሰረ ቢሆን አጭር ቡሎን ይበቃው ነበር። ይሄ ረጅም ነው፤ የተረፈውም አልዛገም። እስከ ትናንት አንድ ነገር ሸፍኖት ኖሯል። ስለዚህ መካኒኩ አልዋሸም፤ ቀለበቶቹ ነበሩ። አንድ ሰው ፈታቸው፤ ያውም በፒንሳ እየቧጠጠ፣ ልኩ የሆነ ቁልፍ ሳይኖረው።»

«ራሱ ነዋ!» አለ አለቃው። «ሙት ሲለው ግቢው ሰምቷል!»

«ሊሆን ይችላል። ቀለበቶቹ የት እንደገቡ ግን ሳጥኑ ሲፈተሽ አወቅሁ።» ወደ አጣቢዋ ዞሩ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እናቴ፣ ኪስዎ ውስጥ ያለውን ያውጡ።»

ከጠዋት ጀምሮ አንቱ ያሏት እሳቸው ብቻ ናቸው። ይሄ ይበልጥ አስፈራት። ሊያርዱት ያሰቡትን በግ ይደባብሱታል።

«ምንም የለኝም።»

«ፖሊሱ እንደነገረኝ፣ ዛሬ ወደ ዕቃ ክፍሉ የገቡት እርስዎ ብቻ ነዎት። ላስፈትሽዎት እችላለሁ፤ ግን እርስዎ ቢሰጡኝ ይሻላል።»

«የለኝም አልኩ! እኔን እሰሩኝ! ሞተሩን የማጥበው እኔ ነኝ፤ እኔ ነኝ የፈታሁት!»

«እማዬ!» አለ ልጇ።

«እሺ፣ እርስዎ ነዎት እንበል» አሉ መርማሪው ሳይቆጡ። «ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይሄን ሞተር ሲያጥቡ፣ ከጎማው በላይ፣ እዚህ ፓራፋንጎው ሆድ ውስጥ የተለጠፈውን ጭቃ በምን አወጡት?»

«በ... በእጄ። ብሩሹ ጥጉን አያወጣውም።»

«እስቲ ያሳዩኝ።»

ተንበረከከች። እንደ ሁልጊዜው እጇን በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ሰደደች። ጥፍሮቿ ገቡ። ከዚያ ወዲያ አልሄደም። የጎማው ጥርስ ጣቶቿን ነከሳት። እንደገና ሞከረች፤ ጎኗን ቀይራ ሞከረች። ቀና ስትል ፊቷ ተለውጦ ነበር።

«ትናንት እስከ አንጓዬ ይገባ ነበር» አለች በሹክሹክታ።

«ልጅዎ የተባረረው ስንት ሰዓት ነው?»

«አሥር ሰዓት።»

«ሳጥኑስ የተቆለፈበት?»

«አሥር... አሥር ሰዓት።»  አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እጇ ገብቷል። ቀለበቶቹ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሞተሩ ላይ ነበሩ። ሳጥኑ ደግሞ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ተቆልፎበታል። እጇ ይሄን ሁሉ ሲያውቅ ውሏል።

ኪሷን ገልብጣ አራቱን ቀለበቶች ወለሉ ላይ አፈሰሰቻቸው።

«ከሳጥኑ ነው ያገኘኋቸው! ከፒንሳው ሥር!»

«እናት ናት!» ብሎ ጮኸ አለቃው። «እናት ለልጇ ምን የማትለው አለ? አሥራ አንድ ሰዓት ማጠቧን ማን አየ?»

ሽቦ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ አይቻለሁ። ደስ ብሎኝ አይደለም የምናገረው። ሞተሬን እስካሁን አላጠበችልኝም።»

«ከፒንሳው ሥር መሆኑን ደግሞ» አሉ መርማሪው ወደ አለቃው ዞረው፣ «ጠዋት የነገርከኝ አንተ ነህ። ፖሊሱ የለም ሲል፣ ከፒንሳው ሥር ፈትሽ አልከው። አሥር ሰዓት ላይ በቆለፍከው፣ ቁልፉ ከኪስህ ባልወጣ ክፍል ውስጥ፣ የሌላ ሰው ሳጥን ሥር ያለውን በምን አወቅህ? አጣቢዋ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አጥባ እንደምትጨርስ ታውቃለህ፤ ትናንት ግን እንደዘገየች አታውቅም። ሁሉም ሲሄዱ ተመልሰህ ቀለበቶቹን ፈታህ። ደመናውን አይተሃል። ቀለበቶቹ ባይታወሱ መካኒኩ ደደብ ይባላል፤ ቢታወሱ ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ ተገኝተው ነፍሰ ገዳይ ይባላል። ጠዋትም በመኪናህ ቀድመህ ገደሉ ደርሰህ፣ ቀኑን የፋቅኸውን መድኃኒት አውጥተህ ቦርሳውን ባዶ አደረግህ።»

«ማስረጃ የለህም፣ ሽማግሌ!»

ፖሊሱ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ በእጁ የረጠበ የመድኃኒት ካርቶን ይዟል። «ከመኪናው ትርፍ ጎማ ሥር» አለ።

 የሟች ሚስት አለቃው ላይ ዘላ ፊቱን በጥፍሯ ቧጠጠችው፤ ሦስት ሰው ሆነው አላቀቋት። አለቃው እየተጎተተ ሲወጣ እንኳ አጣቢዋን ገላምጧት «ኪስሽን ባውቅ ኖሮ!» አለ።

ካቴናው ከልጇ እጅ ወጣ። እሷ ልታቅፈው ሁለት እርምጃ ሄደች። እሱ ግን ቀለበቶቹን እያየ ቆሟል።

«እማዬ፣ ለምን ደበቅሻቸው?»

 መልሱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሽቦ እንኳ ፊቱን አዞረ።

«ግቢው ሁሉ ገዳይ ሲለኝ ‘እናቴ ታውቀኛለች’ ብዬ ነው የዋልኩት» አለ ልጇ። አራቱን ቀለበቶች ሊለቅም ጎንበስ ሲል መርማሪው በእጃቸው ከለከሉት፤ ማስረጃ ናቸው። ሳጥኑን ብቻ አንስቶ ወጣ።

ማጠቢያው ቦታ የሽቦ ሞተር እንደ ትናንቱ ጭቃ ለብሶ ቆሟል። ባልዲዋን ሞልታ አጠገቡ ተንበረከከች። ልጇ በሩን አልፎ ሲሄድ የሳጥኑን መንኳኳት ሰማች። ዘወር ብላ አላየችም። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መንገድ ላይ ምን ያገኘው ይሆን ብላ አልፈራችለትም፤ የፈራችው ማታ ቤት ሲገባ የሚያያትን ዓይን ነው።