ጨለማ ክፍል ውስጥ የተበጠሰው ዲኤንኤ

የወጣትነቴን ግማሽ ያሳለፍኩት መስኮት በሌላት ጠባብ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ዛሬ የዕቃ ማከማቻ ሆናለች አሉ። እኔን ግን እስካሁን ትናፍቀኛለች። ያኔ እናቴ ስትደውል፣ «ምነው ልጄ፣ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠሽ ማን ያይሻል?» ትለኝ ነበር።

ጨለማው የግድ ነበር። የምሠራቸው ጥቃቅን የካርቦን ቅንጣቶች ብርሃን ሲያርፍባቸው ዲኤንኤን ይበጣጥሳሉ፤ በጨለማ ግን ምንም አያደርጉም። አንድ ቀን የካንሰር ዕጢ ውስጥ አስገብተን፣ እዚያው ላይ ብቻ ብርሃን አብርተን፣ የቀረውን አካል ሳንነካ እናጠፋዋለን የሚል ተስፋ ነበረኝ። ለዚህ ደግሞ ከቅንጣቶቹ ጋር ጨለማ ውስጥ የቆየው ዲኤንኤ ደህና መሆኑን ማሳየት ነበረብኝ።

አንድ የጎረቤት ክፍል ተመራማሪ ነበር። ረጅም፣ ቀልደኛ፣ መንገድ ላይ ቢያዩት ሳይንቲስት የማይመስል ሰው። በሩን ገርበብ አድርጎ አንገቱን ያስገባል።

«የጨለማዋ እመቤት፣ ምሳ በልተሻል?»

«አልበላሁም። ዝጋው!»

ይዘጋዋል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይመጣል። ብቻዬን እስቅ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን እደብቃለሁ!

ውጤቱ ሲወጣ ግን የጨለማውም ዲኤንኤ ተበጣጥሶ ተገኘ። ደገምኩት፤ ያው ነው። ሥራዬን የሚመሩት ፕሮፌሰር ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ በጨለማም የሚያጠፋ ከሆነ ተራ መርዝ ነው። ሥራውን እንዝጋው።»

የዓመታት ልፋቴን ውኃ በላው። እንባዬ ሲመጣ ከኋላዬ ድምፁን ሰማሁ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ፕሮፌሰር። እሷ እየሠራች በሩን እከፍት ነበር። የኮሪደሩ መብራት ያን ያህል ይጎዳል ብዬ አላሰብኩም።» እኔም አላሰብኩም ነበር።

«ለምን ትከፍታለህ?»

መሬት መሬት አየ።

«ላያት ብዬ ነው።»

የሌላ ሰው ሙከራ ያበላሸ እዚያ ቤት ቦታ አልነበረውም። ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ። እኔ ግን አንድ ዕድል ተሰጠኝ። በሩን ቆልፌ እንደገና ሠራሁ፤ የጨለማው ዲኤንኤ ምንም ሳይሆን ወጣ። ባልደረቦቼ አጨበጨቡልኝ። እኔ ግን ክፍሏ ጭር አለችብኝ።

አፈላልጌ አንድ ሆስፒታል የደም ምርመራ ክፍል ውስጥ አገኘሁት። ነጭ ጋዋን ለብሶ ከናሙናዎቹ ቀና አለ።

«ተሳካ?» አለኝ።

«ተሳካ።»

«አየሽ? ያለ እኔ ይሻልሻል።»

«ሥራውስ ያለ አንተ ሆነ» አልኩት። «ያለ አንተ መሆን ያቃተኝ እኔ ነኝ።»

የሥራ ሰዓት ነበር፤ ሰው ሁሉ ያየናል። ጓንቱን አውልቆ እጄን ያዘኝ።