ተሳስቶ የተመለሰው ሳክስፎን

የሳክስፎን መምህሩ በጓሮው ክፍል ወለል ላይ በጀርባው ተዘርግቶ ነበር። ከራሱ አጠገብ ባለው የብረት ማሞቂያ ጥግ ላይ ደም ደርቋል። ሳክስፎኑ ግን ማስቀመጫው ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ይህ ነገር ለመርማሪዋ አልተዋጠላትም። ባለቤቱ ወድቆ ዕቃው በሥርዓት ሲቆም፣ ያቆመው ሌላ እጅ አለ ማለት ነው።

ባልደረቦቿ «ምነው» ይሏታል፤ ጥያቄዋን ሁሉ በዚህች ቃል ስለምትጀምር። ስለ ሙዚቃ የምታውቀው ነገር የለም። ስታንጎራጉር የገዛ ድመቷ ቤት ጥላ ትወጣለች እያሉ ይቀልዱባታል፤ እሷም አትክድም።

ክፍሉን ዞራ አየችው። ግድግዳው ድምፅ እንዲያፍን በአሮጌ ብርድ ልብስ ተሸፍኗል። በሩ ሁለት ነው፤ አንዱ በግቢው አድርጎ ወደ ትልቁ ቤት ያወጣል፣ ሌላው ተማሪዎች ወደሚመጡበት የኋላ መንገድ። ሳክስፎኑ የሚንጠለጠልበትን የአንገት ማንገቻ አንሥታ አጠለቀችው። ለእሷ ልክክ አለ። እሷ አጭር ናት፤ ሟቹ ደግሞ በበር ሲገባ ጎንበስ የሚል ሰው ነበር። መልሳ አስቀመጠችው።

ያን ጊዜ የሟቹ ልጅ እጁ በሰንሰለት ታስሮ ፖሊስ መኪና ውስጥ ተቀምጧል። እየጮኸ ከክፍሉ ሲወጣ መዳፉ በደም ተነክሮ ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን ያሳሰረው የገዛ እናቱ ቃል መሆኑ ነው።

መርማሪዋ እናትየዋን በቀብሩ ማግሥት አነጋገረቻት።

«ምነው እትዬ፣ የዚያን ቀን ነገር በደንብ ያስታውሱታል?»

«እንዴት አላስታውስም?» ሴትየዋ መሐረቧን ታጥፋለች፣ መልሳ ትዘረጋለች። «ከሰዓት በኋላ ሲነፋ ቆየና ዝም አለ። ከዚያ አንድ ነገር ዱብ ሲል ሰማሁ። ያ የኖታ ማስቀመጫ ሁልጊዜ ይወድቃል፤ እሱ ነው ብዬ ግቢ ወጣሁና 'ሻይ ላምጣልህ?' ስል ተጣራሁ። ወዲያው መንፋት ጀመረ፤ እኔም ተመለስኩ።»

«ምነው፣ ገባ ብለው አላዩትም?»

«ሳክስፎኑ እየተነፋ በዚያ በር ሰው አይገባም። ከተጋባን ጀምሮ የቤታችን ሕግ ነው። ብዙ ነፍቶ ዝም አለ። ወዲያው ልጄ ከሚሠራበት ጋራዥ መጣ። ከአባቱ ጋር ተኳርፈው ነበር፤ ልታረቀው ነው ብሎኝ ገባ። ከዚያ ጩኸቱን ሰማሁ።» መሐረቧን ዐይኗ ላይ ያዘች። «ምናለ መዋሸት በቻልኩ! ባሌን ቀበርኩ፤ ልጄንስ በገዛ አፌ ልቅበረው?»

መርማሪዋ ጥያቄዋን አልተወችም። «አነፋፉ እንደ ወትሮው ነበር?»

«እኔ ምኑን አውቀዋለሁ? ያንኑ አንዱን ዜማ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ሲያወጣው ነበር። አንድ ቦታ ተደናቀፈና ከመጀመሪያው ጀመረ። ደግሞ እዚያው ተደናቀፈ፣ ደግሞ ጀመረ። እሱ ይንፋው ተማሪ፣ ለእኔ ሁሉም አንድ ነው።»

የኋላው በር ተቆልፎ ነበር የተገኘው። ቁልፉን የያዙ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ የሟቹ የድሮ ጓደኛ ፒያኒስቱና ሁለት የቆዩ ተማሪዎች። ፒያኒስቱን ባዶ አዳራሽ ውስጥ ፒያኖው ላይ አቀርቅሮ አገኘችው።

«ምነው፣ ተጣልታችሁ ነበር ይባላል?»

«እህቴ፣ ያልተጣላንበት ሳምንት የለም። እሱ ይቸኩልና እኔን 'ዘገየህ' ይለኛል።»

«ሳክስፎን ትሞክራለህ?»

«እኔ? ፊኛ ስነፋ እንኳ ራሴን ያዞረኛል።»

«እንግዲያው እሱ የሚሰጠውን ትምህርት እንደኔ ላለ ደንቆሮ አስረዳኝ።»

ፒያኒስቱ አንዲት አጭር የዜማ ሐረግ መታ፤ ከዚያ ትንሽ ከፍ አድርጎ ያችኑ ደገማት። «ይቺን ትይዣለሽ። ከአሥራ ሁለቱም ድምፆች እየተነሣሽ ትደጋግሚያታለሽ፣ ጣትሽ ሳታስቢው እስኪሄድ ድረስ። አፍ መፍታት በይው። አፍሽን ስትፈቺ ደግሞ የራስሽን ትናገሪያለሽ፤ ጃዝ እሱ ነው። አንዳንዱ ግን ዕድሜ ልኩን የተሰጠውን ሲደግም ይኖራል።»

«ብሳሳትስ?»

«ጀማሪ ከሆንሽ ከመጀመሪያው ያስመልስሻል፤ ምሕረት የለውም። እሱ ራሱ ግን ተሳስቶ አይመለስም። ስህተቱን ሆነ ብሎ ይደግመዋል፣ ይለውጠዋል፣ ጌጥ አድርጎት ያልፋል። ስንት ዓመት አብሬው ተጫውቼ አንድ ቀን ሲመለስ አልሰማሁም።»

መርማሪዋ ዐይኑን ሲጠርግ እንዳላየች ሆነች።

ከተማሪዎቹ አንዷ ፀጉር ሠሪ ናት። የደንበኛዋን ፀጉር እየጠቀለለች ነበር መርማሪዋን ያነጋገረቻት።

«በሚመጣው ዝግጅት ብቻውን የሚጫወተውን ሰው ቦታ ለእኔ ሰጠኝ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። ሌላው ተማሪ፣ ባለመድኃኒቱ፣ ለስንት ዓመት የጠበቀው ቦታ ነው። 'ተይው፣ እኔው እነግረዋለሁ' አለኝ መምህሬ።»

«ምነው፣ አንቺስ ስትሳሳቺ ትመለሻለሽ?»

«ድሮ ነበር። አሁንማ ከተመለስሽ በሩን አሳይሻለሁ ብሎ አስተወኝ። እንደ ሞኝ ስህተቴን እየደጋገምኩ አለሁ።»

ሌላው ተማሪ ያው ባለመድኃኒቱ ነው፤ መድኃኒት ቤት ያለው፣ አጭር፣ ንጹሕ፣ ከሚገባው በላይ ትሑት ሰው። መደርደሪያው ላይ አንዲት ጠርሙስ እንኳ ከመስመር አልወጣችም።

«የዚያን ቀን ከሰዓት በሬን ዘግቼ ዕቃ ሳስተካክል ነው የዋልኩት» አለ። «ማን አየህ ቢሉኝ ማንም።» ሲናገር ጣቶቹ በባንኮኒው ላይ ይወጣሉ ይወርዳሉ። መርማሪዋ ስታያቸው አፈረ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ልማድ ነው። ባለቤቴ ጣቶችህ ተኝተህም አላስተኛ አሉኝ ትላለች።»

«ምነው፣ መምህሩ ስለ ዝግጅቱ ነግሮዎት ነበር?»

«ስለ የትኛው ዝግጅት?» አለ። ጣቶቹ ግን ቀጥ ብለው ቆሙ።

ከጥቂት ቀን በኋላ መርማሪዋ ሁሉንም በሟቹ ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ልጁ ከአንድ ፖሊስ ጋር ተቆራኝቶ በር አጠገብ ተቀመጠ። እናቱ ቀና ብላ ልታየው አልደፈረችም። መርማሪዋ የሟቹን ሳክስፎን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ከማውራታችን በፊት ሁለታችሁ ተማሪዎቹ ያችን ሐረግ አንድ አንድ ጊዜ ንፉልኝ። ለመታሰቢያው ይሁን።»

ፀጉር ሠሪዋ ቀድማ ነፋች። መሐል ላይ ሳተች፤ የሳተችውን ደገመችው፣ አጣመመችው፣ ቀጠለች። ፒያኒስቱ ሳያውቀው ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ ባለመድኃኒቱ ተነሣ፤ እምቢ የሚልበት ምክንያት አላገኘም። ሐረጊቱን አንድ በአንድ ወደ ላይ አወጣት። አንድ ቦታ ሲደርስ ጣቱ ተደናቀፈ። ትንፋሽ ወሰደና ከመጀመሪያው ጀመረ። ደግሞ እዚያው ቦታ ተደናቀፈ፣ ደግሞ ተመለሰ።

«ይሄ ነው!» አለች ሚስትየዋ ከወንበሯ ተነሥታ። «የዚያን ቀን የሰማሁት ይሄ ነው!»

ሳክስፎኑ ዝም አለ።

«እስከዛሬ ሁላችንም መምህሩ የሞተው ሳክስፎኑ ዝም ካለ በኋላ ነው ስንል ነበር» አለች መርማሪዋ። «ልጁም የታሰረው ዝም ካለ በኋላ ሲገባ የታየ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ግን ማንገቻውን አየሁት። በአጭር ሰው ልክ ተስተካክሏል። መጨረሻ የነፋው ሟቹ አይደለም ማለት ነው።»

«አጭርስ እኔም ነኝ» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«ነሽ። ያ ሰው ግን ተሳስቶ ተመልሷል። መምህሩ አይመለስም፤ አንቺም መመለስ ትተሻል። ፒያኒስቱ መንፋት አይችልም። የደነገጠ ሰው ደግሞ ጣቱ የለመደውን ነው የሚያደርገው፤ አዲስ ነገር አይፈጥርም። እትዬ፣ ዱብ ሲል የሰሙት የኖታ ማስቀመጫ አይደለም፤ ባለቤትዎ ናቸው። እርስዎ ሲጣሩ በዚያ ክፍል የነበረው ሰው የቤቱን ሕግ ያውቃል። እስከነፋ ድረስ እንደማይገቡ ያውቃል። ሲወድቁ በሰሙበት ሰዓት ልጅዎ ጋራዥ ውስጥ መኪና ሥር ተኝቶ ነበር፤ ባልደረቦቹ ሁሉ መስክረዋል።» ወደ ባለመድኃኒቱ ዞረች። «ምነው ታዲያ፣ ምን አለዎት?»

ባለመድኃኒቱ ማንገቻውን ከአንገቱ ሳያወልቅ ቁጭ አለ።

«ልገድለው አልነበረም» አለ። «'ይህን ሁሉ ዓመት የሰጠሁህን ነው የመለስክልኝ፤ አንዲት የራስህ ቃል የለህም' አለኝ። ገፋሁት። እትዬ ሲጣሩ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ሳክስፎኑን አነሣሁ። ከዚያ በኋላ ማቆም አቃተኝ።»

ፖሊሱ የልጁን እጅ ፈታ። ልጁ ወደ እናቱ ሄዶ እግሯ ሥር ተንበረከከ። እሷ ግን ባለመድኃኒቱን ነበር የምታየው።

«ስትነፋ ሞቶ ነበር?»

መርማሪዋ መልሱን አስከሬኑን ከመረመረው ሐኪም ሰምታለች። «እትዬ፣ ይቅርብዎ።»

«አይቀርብኝም። ንገረኝ!»

«ይተነፍስ ነበር» አለ ባለመድኃኒቱ፣ ወለሉን እያየ። «ተሳስቼ ስመለስ ዐይኑን ገለጠ። በመዳፉ ወለሉን ቸብ ቸብ አደረገ። ቀጥል፣ አትመለስ ማለቱ ነበር፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። እኔ ግን ተመለስኩ።»

ፒያኒስቱ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ባለመድኃኒቱን ይዘው ሲወጡ እናትየዋ የልጇን እጅ ይዛ ሰንሰለቱ ያቀላውን ቦታ ታሽ ነበር።

«እማዬ፣ የሰማሽውን ነው የተናገርሽው» አላት ልጇ። «አልተቀየምኩሽም።»

ሴትየዋ ቀና ብላ መርማሪዋን አየቻት።

«ልጄን ስለመለስሽልኝ እግዜር ይስጥሽ» አለች። «የመጨረሻውን ግን ምነው ባልጠየቅኩት።»