አራተኛው ጥያቄ

ክፍሉ ሲያጨበጭብ የምሥራችም አጨበጨበች። ለማን እንደሆነ አላወቀችም። ቲቸር ሕዝቅያስ የተናገሩት ነገር ቆርቆሮውን በሚደበድበው ዝናብ ውስጥ ጠፍቶባት ነበር፤ ግን ሁሉም ሲያጨበጭብ እጅን አጣምሮ መቀመጥ ደስ አይልም። ከኋላ አንድ ልጅ ሳቀ።

«ለራሷ ታጨበጭባለች እንዴ?»

ትሕትና እጇን ይዛ ቀስ ብላ ወደ ዴስኩ አወረደችላት። «ላንቺ ነው» አለቻት በጆሮዋ።

ቲቸር ሕዝቅያስ ቀረብ ብለው ደገሙላት። የመንግሥትን የኦንላይን ሥልጠና የመጨረሻ ፈተና አልፋለች። በአካባቢው ካለፉት መካከል ዓይነ ስውር እሷ ብቻ ናት። ነገ ሥልጠናውን የሚያስተባብሩት ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ቪዲዮ ሊቀርጿት ይመጣሉ፤ ጽሑፍ የሚያነብ ፕሮግራም የተጫነበት ላፕቶፕም ያኔ ትረከባለች።

«ኮራሁብሽ» አሏት።

የምሥራች ግን ከአራተኛው ጥያቄ አላለፈችም ነበር።

ከክፍል ሲወጡም ዝናቡ አላባራም። ሁለቱ ልጆች ከቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ሥር ተጠጉ። ከላይ የሚወርደው ውሃ ጫማቸው ላይ ጭቃ ይረጫል።

«ፈተናውን የጨረስሽው አንቺ ነሽ አይደል?» አለች የምሥራች።

ትሕትና ጫማዋን መሬቱ ላይ አሸች።

«የይለፍ ቃሌን ከአንቺ ሌላ የሚያውቅ የለም።»

«እና ምን ላድርግ? ስንት ቀን ስትታገዪ እያየሁ ዝም ልበል? ትምህርቱን እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ዓይን ነው ያዋስኩሽ እንጂ ጭንቅላት አላዋስኩሽም።»

ይሄ እውነት ነበር። ስልኳ ላይ የተጫነው አንባቢ ፕሮግራም፣ አፍንጫው እንደታፈነ ሰው ቢናገርም፣ ትምህርቱን ከዳር እስከ ዳር አንብቦላታል። አራተኛው ጥያቄ ግን ሥዕሎችን በጣት እየጎተቱ በየቦታቸው ማስቀመጥ ነው። እዚያ ሲደርስ ስልኩ የሚላት «ምስል» ብቻ ነው። ምስል፣ ምስል፣ ምስል። የምን ምስል እንደሆነ የጻፈበት ሰው የለም። እየዳበሰች ሳለ ሰዓቱ ያልቅና ገጹ ወደ መጀመሪያው ይመልሳታል። መዝለል አይቻልም። ለድረ ገጹ አዘጋጆች እርዳታ ጠይቃ ጽፋ ነበር፤ «መልእክትዎ ደርሶናል» የሚል መልስ መጣላት፤ ከዚያ በኋላ ማንም የጻፈላት የለም።

«ሳትጠይቂኝ» አለች የምሥራች።

«ብጠይቅሽ እሺ አትይም።» ትሕትና አፍንጫዋን ሳበች። «ትምህርት እንደተዘጋ ወደ ማሻ ልንዛወር ነው። አባዬ ዕቃ ማሰር ጀምሯል። እኔ ስሄድ ማን ያነብልሻል? እስኪ ንገሪኝ። ማን?»

የምሥራች አባቷ በሕይወት በነበረ ጊዜ የሚያነብላት እሱ ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ፣ ትሕትና ከሌላ ክፍል ተዛውራ አጠገቧ እስክትቀመጥ ድረስ፣ አንድ ሙሉ ሴሚስተር የተዘጋ መጽሐፍ ይዛ ነው ያሳለፈችው። በውጤት ከክፍሉ መጨረሻ ወጣች። ማንም አልተቆጣትም። የባሰው እሱ ነበር።

«ላፕቶፑን ተቀበዪው» አለች ትሕትና። «አቦ ለአንዴ እንኳን ዝም ብለሽ ተቀበዪ።»

የምሥራች እናት ከምትሠራበት የቡና መጋዘን ስትመለስ ወሬው ቀድሟት ሰፈር ደርሷል። የቀኑን ቡና ስትለቅም ውላ እጇ ሻካራ ሆኗል፤ በዚያው እጇ የልጇን ፊት ዳሰሰች። ብዙ አልተናገረችም። ዩኒፎርሟን አጠበች፤ በዚህ ዝናብ እንደማይደርቅ ስታውቅ በካውያ አደረቀችው።

«እንግዲህ ማንንም አትለምኚም» አለቻት ካውያውን ሳታስቀምጥ።

የምሥራች ልትናገር ፈለገች። የካውያውን ሹክሹክታ እየሰማች ተወችው።

በማግሥቱ ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቲቸር ሕዝቅያስ ጠዋት ላፕቶፑን አስነክተዋታል፤ ለስላሳና ቀዝቃዛ ነበር። ትሕትና ከበሩ ጎን ቆማለች።

«የምትናገሪው አጭር ነው የኔ ቆንጆ» አሉ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ። ድምፃቸው ደግ ነበር። «ድረ ገጹ ለሁላችንም ክፍት ነው፣ እኔ ችያለሁ፣ እናንተም ትችላላችሁ። በቃ። እስከዚያ ደግሞ ከሸኮ ወረዳ ያመጣሁት ልጅ አለ፤ አልቻልኩም ብሎ ሥልጠናውን ሊያቋርጥ ነው። እስኪ ምከሪልኝ።»

ወይዘሮዋ ወደ ቢሮው ገቡ። የበትር ድምፅ እየተጠጋ መጣና አንድ ልጅ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ጴጥሮስ እባላለሁ።»

«የምሥራች።»

«ያንቺንማ ስም ከትናንት ጀምሮ እየጠገብኩት ነው። እሷ ስትችል አንተ ምን ሆነህ ነው ይሉኛል። አጎቴማ፣ የታወረው ዓይንህ ሳይሆን ጭንቅላትህ ነው አለኝ።» ሳቀ። ሳቁ ቶሎ አለቀ። «አራተኛዋን እንዴት ነው ያለፍሻት?»

የምሥራች ቀሚሷን ጨበጠች።

«ዘዴ ካለው አሳዪኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስልኩን አዙሬ ሞክሬያለሁ። በሁለት እጄም ሞክሬያለሁ። ችግሩ እኔ ጋ ነው አይደል? እውነቱን ንገሪኝ፣ አልቀየምሽም።»

በድምፁ ውስጥ ፌዝ ፈለገች፤ አላገኘችም። ልጁ ከልቡ ነው የጠየቃት። «ልምምድ ነው» ብትለው ያምናታል። ሸኮ ተመልሶ ያንኑ ገጽ ሲዳብስ ይከርማል። ቪዲዮውን የሚሰሙትም እንደሱ።

«አላለፍኳትም» አለች።

«ሙድ እየያዝሽብኝ ነው?»

«አይደለም። እኔንም ምስል፣ ምስል ነው የሚለኝ። በስሜ የገባው መልስ የእኔ አይደለም።»

ጴጥሮስ ከባድ ጆንያ እንዳወረደ ሰው ተነፈሰ። «ታዲያ እዚያ ውስጥ ገብተሽ ምን ልትዪ ነው?» አላት።

ከበሩ ጎን የትሕትና እግር ተንቀሳቀሰና ቆመ።

«ምሥሬ» አለች ትሕትና።

የምሥራች እውነቱን ከተናገረች ማን እንደሠራላት ይጠይቋታል፤ ያንን አትናገርም። ላፕቶፑ ለሌላ ሰው ይሰጣል። የሚቀጥለውን ዓመት አሰበችው፤ ያ የተዘጋ መጽሐፍ፣ ያ ማንም የማይቆጣት ዝምታ። እናቷን ምን ትላታለች? ከዚያ ወዲያ ያለውን ማሰብ አቃታት።

በሩ ተከፈተ። «መከርሽው?» አሉ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ። «ካሜራው ዝግጁ ነው። ነይ፣ ላፕቶፑን አቅፈሽ ነው የምንቀርጽሽ።»

የምሥራች ተነሣች። ግድግዳውን ያዘች።

«ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ይቆይ» አለች። «ጴጥሮስም አብሮኝ ይግባ። ሁለታችንም የምንናገረው ስላላለፍነው አራተኛ ጥያቄ ነው።»

ጴጥሮስ በትሩን ፈልጎ ተነሣ።